ሥነ ምግባርን ለነርሶች ማስተማር፦ ከቻርቱ ላይ ካለችው 20 ተነሡ

የማታ ዲዩቲ ሲያልቅ ወደ አንዱ የውስጥ ደዌ ዋርድ ገብታችሁ ቻርቶቹን አንድ በአንድ ግለጡ። ሙቀቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ የደም ግፊቱም እንዲሁ። የትንፋሽ ብዛት የሚለው ጋ ስትደርሱ ግን 20፣ 20፣ 20፣ 20። የሳንባ ምች የያዛቸው አዛውንትም 20፣ ነገ ወደ ቤቱ የሚሄደው ጎረምሳም 20። ሠላሳ ሰው ሌሊቱን በአንድ የከበሮ ምት ሲተነፍስ ያደረ ይመስላል።

እኔም ሞልቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ ትኩሳት ያለባት አንዲት እናት ቻርት ላይ ሳልቆጥር 20 ጻፍኩ። ጠዋት ራውንድ ላይ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ ሲቆጥር 38 ሆነ። ቆሜ እያየሁ ወደ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ወሰዷት። ተርፋለች፤ ስትወጣም "እግዚአብሔር ይስጥልሽ" ብላኝ ነው የሄደችው። ያን ጊዜ የሥነ ምግባር ኮርስ ውጤቴ ኤ ነበር። አራቱን መርሆዎች በእንግሊዝኛም በአማርኛም በቃሌ እወጣቸው ነበር።

ይህን የምጽፈው ለኮሌጅ መምህራን፣ ተማሪ ይዘው ዋርድ ለሚዞሩ ነርሶችና የሥራ ላይ ሥልጠና ለሚሰጡ ሄድ ነርሶች ነው። ሳስተምር የደረስኩበት ነገር ቢኖር አብዛኛው ነርስ ትክክለኛውን ነገር እንደሚያውቅ ነው። የሚያጣው ጊዜውን፣ መንገዱንና ከአፉ የሚያወጣውን ቃል ነው። ስለዚህ ትምህርቱ "ሥነ ምግባር ምንድን ነው?" ከሚለው ይልቅ "አሁን ምን ብዬ ልናገር?" ለሚለው መልስ መስጠት አለበት። ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

አንደኛ፦ ጉዳዮቹን ከራሳችሁ ዋርድ ሰብስቡ

የምናስተምርባቸው ምሳሌዎች አብዛኞቹ ከውጭ መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው፤ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ መሣሪያ) ይነቀል ወይስ አይነቀል፣ የዘረመል ምርመራ ውጤት ለማን ይነገር። ቬንቲሌተር አይታ የማታውቅ የወረዳ ሆስፒታል ነርስ ይህን እንደ ፊልም ነው የምትሰማው። ታዳምጣለች፣ ፈተናውን ታልፋለች፣ ዋርድ ስትገባ ግን ፊልሙን የሚመስል ነገር አታገኝም።

ኮርሱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለእያንዳንዱ ተማሪ ትንሽ ደብተር ስጡ። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፦ "ልክ አይደለም ብለሽ ያሰብሽውን፣ ግን ዝም ብለሽ ያለፍሽውን ጻፊ።" ስም፣ የአልጋ ቁጥርና የካርድ ቁጥር አይጻፍም። ይህ ራሱ ስለ ምስጢር አጠባበቅ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ስም ሳይጽፍ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የልጆቹን ቁጥር ጽፎ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም። "ከዚህ ተነሥቼ ሰውየውን እስከ ማታ አገኘዋለሁ" ብላችሁ አሳዩት።

እኔ ጋ ከደረሱት ውስጥ ጥቂቱን ልንገራችሁ። በሽተኛው "ዶክተር" ሲለው ዝም የሚል ወንድ ነርስ። በአንድ ሕፃን እጅ ላይ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ለማስገባት ሦስቴ ስቶ፣ አራተኛውን ለመሞከር የተዘጋጀ ተማሪ። ለሚስቱ ቀዶ ሕክምና የስምምነት ቅጹን የፈረመ ባል፤ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ማንበብ እየቻለች። ጎረቤቷን ከተራ አስቀድማ ያስገባች ሲስተር። የበሽተኛ ቁስል ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ፣ ፊቱ ተሸፍኖ፣ ንቅሳቱ ግን ቁልጭ ብሎ እየታየ። በራውንድ ላይ ጮክ ተብሎ የተነገረ የኤችአይቪ ውጤት። የሞተ በሽተኛ ቤተሰቦች ትተውት የሄዱትን መድኃኒት መግዣ ላጣ ሌላ በሽተኛ የሰጠ ነርስ። ይህ የመጨረሻው ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ከሰዓቱ በላይ አቆይቶናል።

ደብተሮቹን ስትሰበስቡ ሦስት ቦታ ክፈሏቸው። በመጀመሪያው ክምር ጥፋትነቱ ግልጽ የሆነው ይገባል፤ ያልለኩትን መሙላት፣ ፎቶ መላክ፣ በሽተኛን መሳደብ። በሁለተኛው ሁለት ደግ ነገሮች የተጋጩበት፣ አንዱን ስትይዙ ሌላው የሚያመልጥበት። በሦስተኛው ነርሷ ትክክለኛውን ነገር እያወቀች ማድረግ ያልቻለችበት፤ አለቃ ስለፈራች፣ ዕቃ ስለሌለ፣ ይሉኝታ ስለያዛት። የትምህርታችን ትልቁ ስህተት ሦስቱንም "እስቲ እንወያይበት" እያልን በአንድ ዓይነት መንገድ ማስተማራችን ይመስለኛል። ሳይለኩ ስለመሙላት ምን ውይይት አለ? ሦስተኛው ክምር ላይ ደግሞ መወያየት ነርሷን የባሰ ተስፋ ያስቆርጣታል፤ ትክክሉን ቀድሞውንም ታውቀዋለችና።

ሁለተኛ፦ ሕጉን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሱት

ሕግ አጥር ነው። ተማሪው አጥሩ የት እንዳለ ማወቅ አለበት፣ ዘመኑን ሁሉ አጥሩን ሲያጠና ግን አይኑር። ለኢትዮጵያ ነርስ የሚበቁት ጥቂት ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበርና የመጠበቅ መብት ይሰጣል፤ የወንጀል ሕጉም በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣን ባለሙያ ይቀጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ስለ በሽተኛ ፈቃድ፣ ስለ ምስጢርና ስለ ባለሙያ ግዴታዎች ይደነግጋል።

በዚሁ ደንብ ላይ ክፍሉን የሚያሞቅ ነጥብ አለ፦ ባለሙያው በግል እምነቱ ምክንያት የወሊድ መከላከያን፣ ሕጉ የፈቀደውን ፅንስ ማቋረጥና ደም መስጠትን የመሰሉ አገልግሎቶችን እምቢ ማለት አይችልም። ከተማሪዎቻችሁ የሚበዙት አጥባቂ አማኞች ናቸውና ይህን በጥድፊያ አትለፉት። የተቃወመውን አታሳፍሩት፤ እስኪጨርስ ስሙት። ከዚያ ሁለት ነገር አስጨብጡት። የሚያስጨንቀው ነገር ካለ ለሄድ ነርሷ የሚናገረው የሥራ ምደባ ሲወጣ ነው፤ በሽተኛዋ አልጋ ላይ ከተኛች በኋላ አይደለም። ምንም ቢያምን ደግሞ በቃልም፣ በፊትም፣ በዝምታም እሷን መቅጣት አይፈቀድለትም። ፊትን አጨማድዶ መርፌ መውጋት ምን እንደሚመስል ሁላችንም አይተነዋል።

ከዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ታሪክ ብቻ ንገሯቸው። በምረቃ ዕለት ሻማ ይዘን የምንምልበት የናይቲንጌል ቃለ መሐላ በነርሲንግ ፈር ቀዳጇ በፍሎረንስ ናይቲንጌል የተጻፈ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ ዲትሮይት ሊስትራ ግሬተር የምትመራው ኮሚቴ ያዘጋጀው ነው። በውስጡ ሐኪሙን በታማኝነት ለመርዳት የሚገባ ቃል አለ። ምክር ቤቱ የራሱን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1953 አወጣ። በ1973 ሲያሻሽለው የነርስ ተቀዳሚ ኃላፊነት የነርሲንግ እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ነው አለ። የመጨረሻው ማሻሻያ የወጣው በ2021 ነው። "ታማኝነታችሁ ለማን ነው?" ብላችሁ ጠይቋቸውና መልሱን ሳትሰጡ ለሳምንት አሳድሩት።

አራቱን መርሆዎች በተመለከተ ትርጉማቸውን በቃል አታስይዙ። ለበሽተኛው መልካም ማድረግ፣ አለመጉዳት፣ ፈቃዱን ማክበር፣ ለማንም ሳያደሉ ሁሉንም በፍትሕ ማየት፤ እነዚህን ሃያ ደቂቃ ስጧቸውና እለፉ። ወደ ጉዳዮቹ ስትገቡ ይመለሳሉ።

ሦስተኛ፦ ግልጹን ጥፋት በእጅ አስተምሩ

ለመጀመሪያው ክምር ስብከት አይሠራም። ቻርቱ ላይ ያለችውን 20 ይዛችሁ ተማሪዎቹን ዋርድ አስገቡ። እያንዳንዱ የአንድ በሽተኛ ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠር፤ የልብ ምት የሚለካ መስሎ የእጁን አንጓ ይዞ፣ ዓይኑ ግን ደረት ላይ ሆኖ፤ ምክንያቱም እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱ ይቀየራል። ከዚያ ቁጥሮቹን ቻርቱ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። የአዋቂ ሰው ጤናማ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 መሆኑን፣ ከዚያ በላይ መውጣቱም ሰውነት መጨነቅ መጀመሩን ከሚናገሩ ቀዳሚ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ያን ጊዜ ንገሯቸው። ከዚያ በፊት ብትናገሩት በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ቀጥሎ ሂሳቡን አሠሯቸው። 30 በሽተኛ፣ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ቢሆን ትንፋሽ ብቻ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ሙቀት፣ ግፊትና የልብ ምት ሲጨመርበት፣ በአንድ ዙር ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ብንይዝ፣ 150 ደቂቃ። በማታ ሁለት ነርስ ብቻ ካለ፣ አንዷ ከድንገተኛ የመጣ እየተቀበለች ከሆነስ? ተማሪዎቹ እዚህ ሲደርሱ 20ዋ ከስንፍና ብቻ እንዳልመጣች ያያሉ። ጥያቄው የሚሆነው "ሁሉንም መለካት ካልቻልሽ ምን ትጽፊያለሽ?" ነው።

የኔ መልስ ይህ ነው፦ "አልተለካም" ብለሽ ጻፊ፤ ምክንያቱንም በአጭሩ አክዪ። ከዚያ በፊት ግን ከሠላሳው ማንን እንደምታስቀድሚ ወስኚ፤ ትኩሳት ያለበት፣ ዛሬ የገባ፣ ኦክስጅን ላይ ያለ፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣ። ባዶ ሳጥን ሐኪሙን ያስቆመዋል፤ የውሸት 20 ግን አልፎ እንዲሄድ ያደርገዋል። ባዶ ሳጥኖቹ ሲበዙ ደግሞ ሠራተኛ ማነሱን የሚያሳዩ ማስረጃ ይሆናሉ። ሁሉም ቻርት በ20 ተሞልቶ ሰው አነሰን ብንል ማን ያምነናል?

አራተኛ፦ እውነተኛውን አጣብቂኝ በደረጃ ፍቱት

ከስድስቱ ሳምንት ሁለቱን ለሁለተኛው ክምር ስጡ። አንድ ጉዳይ ብቻ ያዙና እስከ መጨረሻው ውረዱበት። እኔ ዘወትር የምይዘው ይህን ነው።

የስድሳ ሁለት ዓመት እናት የጨጓራ ካንሰር እንዳለባቸው በምርመራ ተረጋግጧል። ትልቁ ልጃቸው ነርሷን ኮሪደር ላይ ይዞ፦ "ሲስተር፣ በእናትሽ፣ ካንሰር የሚለውን ቃል እንዳትሰማ። ከሰማች በአንድ ቀን ነው የምትሞትብኝ። ቁስለት ነው በያት" ይላታል። በዚያው ሌሊት መድኃኒት ስትሰጣቸው እናትየው እጇን ይዘው፦ "ልጄ፣ አንቺ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ። ምንድን ነው ያገኘኝ?" ይላሉ።

ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፦ ይነገራቸው፣ አይነገራቸው። አስቁሟቸው። መጀመሪያ የተጠየቀውን ነገር እንዲለዩ አድርጉ። ልጁ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ዝም እንድትል፣ ደግሞም እንድትዋሽ። እነዚህ አንድ አይደሉም። ዝም ማለት ለጊዜው የሚፈቀድበት አጋጣሚ ሊኖር ይችላል፤ "ቁስለት ነው" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀጥሎ የጎደለውን መረጃ ይዘርዝሩ፤ ለዚህ አራት ሳጥን ሰሌዳው ላይ ሣሉ። አንደኛው ሕክምናው ነው፦ በሽታው የት ደርሷል? ሐኪሙ ምን አስቧል? ቀዶ ሕክምና ካለ ፈቃድ መስጠት ያለባቸው እሳቸው ናቸው፤ ታዲያ ለምኑ ብለው ነው የሚፈርሙት? ሁለተኛው የእሳቸው ፍላጎት፦ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አለ? ሦስተኛው ኑሯቸው፦ ምን ቀርቷቸዋል? ያልተናዘዙት ኑዛዜ፣ ያልታረቁት እህት፣ ሊሳሉት የሚፈልጉት ስለት ይኖራል? አራተኛው ዙሪያቸው፦ ወጪውን ማን ይከፍላል? ሌሎቹ ልጆች ምን ይላሉ? ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሳጥን ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለ እናትየው ሁሉም ተናግሯል፤ እሳቸውን ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ከዚያ "ይህ የማን ሥራ ነው?" በሉ። የምርመራ ውጤትን መንገር የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ ነርሷ በሌሊት ብቻዋን ተነሥታ የምትፈጽመው አይደለም። አለመዋሸት፣ ማዳመጥና ጥያቄያቸውን ለሐኪሙ ማድረስ ግን የራሷ ናቸው። ይህን ሲለዩ የብዙ ተማሪዎች ትከሻ ሲቀል አያለሁ።

አሁን አማራጮችን ያምጡ፤ ከሦስት ያነሰ አትቀበሉ። ሦስተኛው እንዲመጣ እኔ ስለ መርዶ አነሣለሁ። የእኛ ሰው ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር አሳምሮ ያውቃል። ሰው የሞተበትን መንገድ ላይ አንነግረውም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማለዳ ይኬዳል፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል። ግን ይነገራል። ባህላችን ለእውነቱ ሥርዓት አበጀለት እንጂ እውነቱን አልቀበረውም። ልጁ የፈራው ቃሉ ያለ ሥርዓት እንዳይወጣ ነው፤ ይህ ለእናቱ ያለው ፍቅር ስለሆነ እንደ ጠላት አትዩት። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ሲል፣ ከኋላ አንዷ "እዚህ የደበቀው በሽተኛው አይደለም፤ ልጁ ነው" ብላ ክፍሉን አስቃዋለች። ልክ ብላለች።

ሦስተኛው አማራጭ እናትየውን ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉና በማን በኩል እንደሆነ መጠየቅ ነው። እንዲህ አስለምዷቸው፦

"እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ምን ይመስልዎታል?"

"ክፉው በሽታ ነው መሰለኝ፣ ልጄ።"

"እንደዚያ ሲያስቡ ከረሙ? ስለ ሕመምዎ ሁሉን ነገር ራስዎ ቢሰሙ ይሻልዎታል ወይስ ልጅዎ ሰምቶ ቢነግርዎት?"

"እኔው ልስማው እንጂ። እሱማ ያለቅሳል።"

"እሺ። ጠዋት ለዶክተሩ እነግራቸዋለሁ። ሲነግሩዎት ማን አጠገብዎ ቢሆን ይወዳሉ?"

አንዳንድ እናት ደግሞ "ለልጄ ንገሩት፤ እኔ ምን ይሠራልኛል" ይላሉ። ያም ፈቃዳቸው ነው፤ ተመዝግቦ ይከበራል። አለማወቅን መምረጥም የእሳቸው እንጂ የልጁ አይደለም።

ለልጁ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ተማሪው ሁሉ እስኪያስታውሰው አስደጋግሙት፦ "ወንድሜ፣ እኔ ቀድሜ አልነግራቸውም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም።"

ውሳኔው ላይ ሲደርሱ በሦስት ጥያቄ ይፈትሹት። ያደረግሁትን ቻርቱ ላይ እንዳለ መጻፍ እችላለሁ? እኚህ ሰው የሜትረኗ (የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ) እናት ቢሆኑ፣ ወይም ጠያቂ የሌላቸው ደሀ ቢሆኑ፣ ያንኑ አደርግ ነበር? ነገ እውነቱን ሲያውቁ ዓይናቸውን አይቼ መርፌ መውጋት እችላለሁ? ከዚያ ይፈጸማል፣ ይመዘገባል፣ በርክክብ ጊዜ ለቀጣዩ ተረኛ ይነገራል። በርክክብ ያልተላለፈ ውሳኔ ጠዋት ይፈርሳል፤ የቀኑ ተረኛ ሳያውቅ "ቁስለት ነው እማማ" ይላቸዋል።

ሌሎቹን ጉዳዮች በዚሁ መንገድ በቡድን ይፍቱ። አንድ ኦክስጅን ለሁለት ሕፃን የሚለውን ግን ተጠንቀቁ፤ ተማሪዎች እንደ እንቆቅልሽ ሊፈቱት ይሞክራሉ። የዚያ ትምህርቱ ማን ይዳን የሚለው አይደለም። ማን ይቅደም የሚለው ደንብ በቀን፣ በቡድን፣ ከሐኪሞች ጋር መወሰን እንዳለበትና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንዲት ነርስ ትከሻ ላይ መውደቅ እንደሌለበት ነው።

አምስተኛ፦ አፍን ማስለመድ

ወደ ሦስተኛው ክምር መጣን። ትክክሉን እያወቁ ማድረግ ያለመቻልን ስሜት አሜሪካዊው ፈላስፋ አንድሪው ጄመተን እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ነርሶች ሲጽፍ ስም ሰጥቶታል፤ እኔ የሕሊና ጭንቀት እለዋለሁ። የሥራ መልቀቂያ የሚያጽፈው ብዙ ጊዜ ይህ ጭንቀት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። ታናሽ ታላቁን አያርምም፣ ነርስ ሐኪምን በሰው ፊት አትጠይቅም።

እዚህ ላይ የተስኪጊን ታሪክ ንገሩ። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በአላባማ ማኮን ካውንቲ 399 ቂጥኝ የያዛቸውንና 201 ያልያዛቸውን ጥቁር ወንዶች ሲከታተል ቆየ። የበሽታውን ስም አልነገራቸውም። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ሕክምናውን አልሰጣቸውም። ሰዎቹን ከሐኪሞቹ ጋር የምታገናኘው ዩኒስ ሪቨርስ የተባለች ጥቁር ነርስ ነበረች። በመኪና ታመላልሳቸዋለች፣ ቤታቸው ትጠይቃቸዋለች፣ ሲሞቱ አስከሬናቸው እንዲመረመር ቤተሰቡን ታግባባለች፤ በምትኩ የቀብር ወጪ ይከፈል ነበር። ሰዎቹ ያምኗትና ይወዷት ነበር። ነገሩን ያስቆመው ፒተር ባክስተን የተባለ የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ በ1966 እና በ1968 ለአለቆቹ ጽፎ የሚያስቆመው ሲያጣ ታሪኩን ለጋዜጠኛ ሰጠው። ፕሬዝዳንት ክሊንተን በ1997 መንግሥትን ወክለው ይቅርታ ጠየቁ።

ይህን ስተርክ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ "ሪቨርስ ክፉ ሰው ነበረች?" ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው አይደለችም ይላል። ሩህሩህ ነበረች፣ ተንከባካቢ ነበረች። በአገራችን፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ፣ በጤናው ዘርፍ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ የሚለው መርህ ግድግዳው ሁሉ ላይ ተለጥፏል፤ ጥሩ ነው። ግን ርኅራኄ ብቻውን የት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። የናይቲንጌልን ቃለ መሐላ ጥያቄ አሁን መልሱት፤ ታማኝነቷ ለማን ነበር?

ታሪኩ ካለቀ በኋላ ተነሥተው ይለማመዱ። ለአለቃ የሚነገር ተቃውሞ ሦስት እርከን አለው፤ ከለስላሳው ይጀመራል። "ዶክተር፣ አንድ ነገር አሳስቦኛል።" ካልሰማ፦ "ይቅርታ፣ ልቤ አልተቀበለውም፤ መጠኑን አብረን እንየው።" አሁንም ካለፈ፦ "ይህ ለበሽተኛዋ አደጋ ነው። እስክናጣራ መድኃኒቱን አልሰጥም።" ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ የተቆጣ ሐኪም እየሆነ፣ ቆመው ይበሉት። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚናገር ሰው ሁሉ ጀግና ነው። የሐኪሙን ሚና አንድ ጊዜ ራሳችሁ ተጫወቱ፤ ቁጣውም የእውነት ይምሰል። መጀመሪያ ዕለት ብዙዎቹ ሁለተኛው እርከን ላይ ድምፃቸው ይጠፋል። በሦስተኛው ልምምድ ይመለሳል።

ያንኑ ለትንንሾቹም አድርጉ። "ዶክተር" ለሚል በሽተኛ፦ "እኔ ነርስ ነኝ፣ አባባ፤ ሐኪምዎ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።" አራተኛ ካኑላ ለሚሞክር ጓደኛ፦ "ና፣ እኔ ልሞክር፤ አንተ ልጁን ያዝልኝ።" ከተራ ለሚቀድም ዘመድ፦ "አክስቴ፣ ካርድዎን አውጥቼ ወረፋ አስይዝዎታለሁ፤ ከሰው በፊት ግን አላስገባዎትም።" ይህቺ የመጨረሻዋ ከሁሉም ከብዳ ተገኝታለች።

ስድስተኛ፦ ፈተናው

"ሥነ ምግባርን ተርጉሚ" የሚል ጥያቄ አታውጡ። ኦስኪ (ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ በተግባር የሚፈተንበትን ፈተና) ስታዘጋጁ አንዱን ጣቢያ ለሥነ ምግባር ስጡ። አልጋ ላይ የተኛች "በሽተኛ"፣ አጠገቧ "ባል"፣ ጠረጴዛው ላይ የስምምነት ቅጽ፤ ተማሪዋ ስምንት ደቂቃ አላት። የምታርሙባቸው ነገሮች የሚታዩ ይሁኑ፦ ራሷን አስተዋወቀች? መጋረጃውን ሳበች? ስትናገር የምታየው ማንን ነው፣ ባልየውን ወይስ ሴትየዋን? "ገባዎት?" ብላ ብቻ አለፈች ወይስ "እስቲ የተረዱትን ይንገሩኝ" አለች? ብዕሩን ለማን ሰጠች? ይህቺ የብዕር ነገር ከሁለት ገጽ ድርሰት በላይ ትናገራለች።

የወደቀችን ተማሪ የት እንደወደቀች ለይታችሁ ንገሯት። ችግሩን አላየችውም? አይታ ግን አልመዘነችውም? መዝና ግን አልፈለገችም? ወይስ ፈልጋ አፏ ተያዘ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ሬስት የግብረ ገብ ተግባርን በእነዚህ አራት ከፍሎታል፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ያላየችውን ወደ ዋርድ፣ ደብተር አስይዛችሁ። ያልመዘነችውን ወደ አራቱ ሳጥን። አፏ የተያዘውን ወደ ልምምዱ። ያልፈለገችውን ቁጭ አድርጋችሁ አነጋግሯት፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ድካም ይገኛል።

ከሁሉም በፊት መደረግ የነበረበት

ይህን መጨረሻ ላይ የምጽፈው እኔም መጨረሻ ላይ ስለተማርኩት ነው። የመጀመሪያውን ኮርስ በሰጠሁ በወሩ አንዲት ተማሪዬ በማታ ዲዩቲ አሥራ አንድ ቻርት ላይ "አልተለካም፤ ሁለት ነርስ ለ34 በሽተኛ" ብላ ጻፈች። ጠዋት ቻርቶቹ ሲታዩ አለቆቿ መጀመሪያ የጠየቁት ለምን እንዳልተለካ አልነበረም፤ ማን እንደጻፈው ነበር። ልጅቷ ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ ተመደበች። እኔም ደብዳቤ ደረሰኝ።

ስለዚህ ደብተሮቹን ከማደላችሁ በፊት ሜትረኗን፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩንና የዋርዱን ሄድ ነርስ አንድ ላይ አስቀምጡ። "ተማሪዎቼ ያልለኩትን አልተለካም ብለው ይጽፋሉ፤ ስታገኙት ምን ታደርጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በቃለ ጉባኤ አስፍሩና አስፈርሙ። ካልተስማሙ ያን ወር ዋርድ ውስጥ ትንፋሽ መቁጠሩን ብቻ አስተምሩ፤ "አልተለካም" የሚለውን ግን ፊርማው እስኪገኝ አታዙ። ፊርማው ሲገኝም የመጀመሪያውን ሌሊት እናንተ ራሳችሁ ከተማሪዎቹ ጋር እደሩ፤ ቻርቱ ላይም ከእነሱ ስም ቀጥሎ የእናንተ ስም ይኑር።